ጽጌረዳዬን የቡ ላይ ዝናብ መታብኝ

በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ ጽጌረዳ ያልበቀለበት ትራስ አልነበረም። የሙሽራ ትራስ ላይ ጽጌረዳ፣ አልጋ ልብስ ላይ ጽጌረዳ፣ ሬዲዮ የሚሸፈንበት ጨርቅ ላይ ሳይቀር ጽጌረዳ። ሁሉም የሚወጣው ከእኛ ቤት ነበር። የእኛ ቤት ስል መኖሪያዬን አይደለም፤ ቀበሌያችን ግቢ ውስጥ የሴቶች ማኅበሩ የጥልፍ ሥራ ቤት ነበረው፣ እሱን ነው። ደርግ ነው ዘመኑ። ያ ሰው በሰው ላይ የጨከነበት ክፉ ጊዜ አልፎ፣ ትንሽ ትንፋሽ የሰበሰብንበት ወቅት ነበር።

የጽጌረዳው አያት ከአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ የተገለበጠ ነው ይባላል። አያቱን አላየሁትም። እኔ የደረስኩበት በካርቦን ሲገለበጥ፣ ግልባጩ ሲቀደድ ደግሞ ከግልባጩ ሲገለበጥ ኖሮ ዘሩ የጠፋውን ነው። አበባው እየተጠቀለለ፣ ቅጠሉ እየወፈረ መጥቶ ጥቅል ጎመን ሆኗል። ጠላፊዎቹ ጠዋት ሲገናኙ «ትናንት ስንት ጎመን ተከልሽ?» ይባባሉ ነበር። ሊቀመንበሯ ስትገባ ዝም ነው።

የእኔ ሥራ ጥልፍ አልነበረም። ተጠልፎ ያለቀውን አጥባለሁ፣ ከበቆሎ ዱቄት የማፈላው ቀጭን ሙጫ አለ፣ ስታርች የምንለው፣ እሱ ውስጥ እነክራለሁ፣ ከዚያ እተኩሳለሁ። ባሌ እዚያው ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። አላህ ይዘንለትና ሲሞት ካውያውን ትቶልኝ ሄደ። ከሰል የሚበላ፣ አፉ የሚከፈት፣ መቆለፊያው ላይ ትንሽ የብረት ዶሮ ያለበት ካውያ ነው። በዚያ ካውያ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ልብስ ስተኩስ ከጎኔ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጥና አምስት ጣቴን ነክሬ ጨርቁ ላይ ረጨት፣ ረጨት አደርጋለሁ። ያንን ርጭት ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቆሜ ብተኩስም ዓይኔ ከንድፍ ጠረጴዛው አይነሳም ነበር። ነዳፊዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አቡጀዲው ላይ ጽጌረዳውን ስታትም፣ እኔ በልቤ ቅጠሉን አቀናለሁ፣ ግንዱን አዘነብላለሁ። ይህ አመል የልጅነቴ ነው። በአጋሮ መንገድ ያለችው የቡና አገር፣ የቡ ነው ያደግሁት፤ እናቴ ግድግዳ በጭቃ ስትለቀልቅ ከኋላዋ ሆኜ እርጥቡ ላይ በጣቴ ቅጠል እሥልበት ነበር። እናቴም አጥፍቶ መለቅለቁ ሰልችቷት ትተወው ነበር። ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ልጆቼ እየሳቁብኝ።

እንግዲህ አንድ የካቲት ላይ ነዳፊያችን ባሏን ተከትላ ወደ ሸቤ ሄደችና ወንበሩ ባዶ ቀረ። ሊቀመንበሯ ሰበሰበችን። ይቺ ሴት ድሮ ከሁላችንም የበለጠች ጠላፊ ነበረች። ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ አነጋገሯ እንደ ማስታወቂያ ሆነ፤ ስትሰበስበን «ጓዶች» ትለናለች፣ ክር ሲያልቅባት ግን «አቦ እናንተ ልጆች» ትላለች። የዚያን ዕለት ጓዶች ነበርን። ለማርች ስምንት፣ ለሴቶች በዓል፣ በሰልፍ የሚያዝ ትልቅ አልጋ ልብስ እንጠልፋለን አለች። ነዳፊ መሆን የምትፈልግ ሴት በወረቀት ላይ በቀለም የሠራችውን ጽጌረዳ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ታምጣ፤ ጽጌረዳው ቀይ ይሁን፤ የተመረጠላት ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች ብትሆን ይመረጣል አለችና ወረቀቷን አጠፈች።

ከመካከላችን ስምንተኛ የጨረሰች አንዲት ልጅ ነበረች። ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ አየ። እኔ ካውያዬን አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ። ምንም ክፍል ያልጨረሰችስ ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ ሳቀ። ሊቀመንበሯ አልሳቀችም፤ ሰዉ ሲበተን ወደ ካውያው መጣች።

«ማምጣቱን አምጪ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ግን በገዛ እጅሽ ይሁን። ቤትሽ የሥዕል አስተማሪ እንዳለች አውቃለሁ። ካልሆነልሽ ደግሞ ከእንግዲህ የወንበሩን ነገር እንዳታነሺብኝ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሞክረው። ካልሆነ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የሌላ ሰው ጎመን ስተኩስ እኖራለሁ።

አስተማሪ ያለቻት ጓሮ ያለችውን ክፍሌን የተከራየችውን ነው። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ። መጀመሪያ ሰሞን ጭቃው አስለቅሷት ነበር፤ በሁለተኛ ዓመቷ ግን ኦሮምኛውን እየሰባበረች ገበያ ላይ ከሻጭ ጋር ትከራከራለች። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ በውሃ ቀለም ትሥላለች። ሳጥኑ ቆርቆሮ ነው፤ ሲከፈት ደረቅ ቀለሞች እንደ ከረሜላ ተደርድረዋል። ብርጭቆ ውሃ ከጎኗ፣ ብሩሽ በእጇ። እኔ ጎመን የምቀነጥስ እመስልና አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጾም ይዛ ስለነበር ጎመኑም ሰበብ ሆነልኝ። አንድ ቀን ብሩሹን ሳትነግረኝ እጄ ላይ አኖረችው።

እንደ መርፌ ያዝኩት። ትንሽ ነከር፣ ትንሽ ነካ፣ ትንሽ ነከር፣ ትንሽ ነካ። ቅጠሉ በስፌት የተሠራ መሰለ።

«እትዬ፣ ይሄ ክር አይደለም» አለችኝ። «ውሃውን አይግፉት። የት መሄድ እንደፈለገ ይዩትና ይከተሉት።»

ጥጃ ተከትዬ አድጌያለሁ፤ ውሃ ተከተይ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ ሌላ ያስቸገረኝ ነገር አለ፤ ሳጥኑን ብፈልግ ብፈልግ ነጭ ቀለም አጣሁ። ነጩ አልቆባት መስሎኝ እንዳላሳፍራት ዝም ብዬ ቆየሁ። በመጨረሻ ስጠይቃት ነጩ ወረቀቱ ነው አለችኝ። እኛ ቤት ነጭ በክር የሚጨመር ነገር ነው። እዚህ ደግሞ ነጭ ከመጀመሪያው እዚያው አለ፤ የምትሠሪው ዙሪያውን ነው። ያን ቀን ማታ ድንች እየላጥኩ ሳስበው ቆየሁ።

የወንበሩን ነገር ስነግራት ከትራሷ ሥር ወፍራም ወረቀት አወጣች። ሦስት ቀርተዋታል፤ ሁለቱ ለተማሪዎቿ ናቸው፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ብሩሽና ሳጥኑንም አዋሰችኝ። እሷ ግን አንድም ነጥብ እንደማትነካልኝ ማለች፤ እኔም እንዳትነካ አስማልኳት።

እንግዲህ አሁን የሠራሁትን ጥፋት ልናገር። ወረቀት ውሃ ሲነካው እንደሚጎብጥ የእሷ ላይ አይቻለሁ። ለእኔ ደግሞ የሚጎብጥ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። አስተማሪዋ ሥራ ላይ ሳለች ስታርቼን አፈላሁና ያንን ብርቅ ወረቀት እንደ ሸሚዝ አንገት ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ላዩን በጨርቅ ሸፍኜ በካውያ አደረቅሁት። እንደ ቆርቆሮ ቀጥ አለ። በራሴ ኮራሁ። ለእሷም አልነገርኳት፤ ማንም የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።

ጽጌረዳውን ሠራሁ። የሦስት ቀን ከሰዓት ፈጀብኝ። መሃል ላይ ትልቅ ቀይ ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ጥቅጥቅ አድርጌ እስከ ወረቀቱ ዳር። ቅዳሜ አስተማሪዋ ቆማ አየችው። አበባው ደህና ነው አለች ሳቋን እየዋጠች፤ ቅጠሉ ግን የቡና ነው። ባየው እውነትም የቡና ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የተያየ፣ ዳሩ ሞገድ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። ምን ላድርግ፣ ጽጌረዳ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እጄ የሚያውቀውን ሠራ።

የእህቴ ጎረቤት አጥር ላይ ጽጌረዳ እንዳለ ትዝ አለኝ። እህቴ የቡ ነው የምትኖረው፣ የእናታችን ቡና በእጇ ነው። እሑድ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰኝን ስኳር ቋጠርኩላት፣ ወረቀቱን በአቡጀዲ ጠቀለልኩ፣ ሳጥኑን ዘንቢል ውስጥ ከተትኩና በጭነት መኪና ሄድኩ። የጽጌረዳ ቅጠል ምን እንደሚመስል አይቼ የእኔን አስተካክላለሁ ብዬ ነው። ያንን ዓመት በጋው ከርሮ ነበር። ከመኪናው ላይ ሆኜ የማየው ቡና ሁሉ ቅጠሉን እንደ ደከመው አህያ ጆሮ ጥሏል። የካቲት ላይ አንድ ዝናብ ይጠበቃል፤ እሱ ካልመጣ ቡና አያብብም፣ ካላበበ ደግሞ አያፈራም። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ነበር የሚያየው።

እህቴ ታላቄ ናት፣ ምላሷም ታላቅ ነው። ወረቀቱን ስፈታው አየችና «ለዚህ ነው ስኳር ይዘሽ የመጣሽው» አለች። ጎረቤት ሄጄ የጽጌረዳውን ቅጠል አየሁ፤ እሾሁም ወጋኝ። ተመልሼ ከቅጠሎቼ ጥቂቱን በውሃ እያራስኩ አስተካከልኩ፣ ባሰበት እንጂ አልተሻለም። እንዲደርቅ ብዬ ግቢው ውስጥ ቡና የሚሰጣበት የእንጨት አልጋ ላይ ዘረጋሁትና ሳህን ላጥብላት ገባሁ።

ከአጋሮ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ኖሯል። መጀመሪያ የሰማሁት ጠብታውን ሳይሆን የእህቴን እልልታ ነው። ከግቢ ግቢ እልልታው ተያያዘ። ቡናውን የሚቀሰቅሰው ዝናብ መጣ። እህቴ መሃል ግቢ መዳፏን ዘርግታ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ወላሂ፣ እኔ በዚያች ሰዓት የአገሩ ቡና ሁሉ ቢደርቅ ግድ አልነበረኝም። ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ጠብታዎች ዘንበው ነበር። ወረቀቱን በሆዴ ከልዬ ይዤ ገባሁ። ጽጌረዳዬ የለም። ቀዩ ፈስሶ በቅጠሎቹ መሃል ወርዷል፣ እዚህም እዚያም ተቋጥሮ ቆሟል። ቅጠሎቹ ላይ ደግሞ ጠብታ ባረፈበት ሁሉ ቀለሙ ተነስቶ ሄዷል፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አርብ አምስት ቀን ነው የቀረው፣ ሌላ ወረቀት የለኝም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ሰው እልል ሲል እኔ ሳለቅስ።

እህቴ እርጥብ ሆና ገባች። ምን ሆነሽ ሳትል ወረቀቱን ከጭኔ ላይ አነሳችና ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ አደረገችው።

«ኢላሊ!» አለችኝ። እይ ማለቷ ነው። «ደራራ ቡና!»

ተነስቼ አየሁ። እውነትም እንዳለችው የቡና አበባ ነው። ጠብታው ሲያርፍ ዙሪያውን ተፈናጥሯል፣ ነጩ እንደ ኮከብ ጫፍ ጫፍ አውጥቷል፤ የተገፋው ቀለም ደግሞ በዳር ተሰብስቦ ከቦታል። ሦስት አራቱ በአንድ ላይ ተጠጋግተው ከቅጠሉ ብብት ላይ ተቀምጠዋል፤ የቡና አበባም እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። ወረቀት ላይ ነጭ አበባ ሥሪ ብባል ኖሮ ዓመት ቢሰጠኝ አልሠራውም።

«የእኔ ቡና ለማበብ ገና ስምንት ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል» አለች እህቴ። «ወረቀትሽ ቀደመው።»

እኔ የታዘዝኩት ጽጌረዳ ነው ብዬ ተቆጣሁ።

«ጽጌረዳ ለቅሞ ቤት የሠራ የየቡ ሰው አሳዪኝ» አለችኝና እንጨት ልታስገባ ወጣች።

ያን ቀን የሚመለስ መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርኩ። ጠዋት እህቴ ከቡናዋ መሃል ይዛኝ ገባች። መሬቱ ጠጥቶ ነበር፣ ቅጠሉም ተነስቶ ቆሟል። ልጅ ሳለሁ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ አሳየችኝ። አምና የተለቀመው አንጓ ባዶ ነው፤ ከእሱ ወደ ጫፍ ባለው በአዲሱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን አረንጓዴ እምቡጦች ዝናቡን ጠጥተው ቆመዋል። «አንድ ጊዜ ያፈራ አንጓ ዳግመኛ አያብብም» አለችኝ። «አበባ ዘወትር ወደ ፊት ነው የሚሄደው። በአምናው ቦታ የሚፈልገው ሰው ዝንጉ ነው።» ታች ደግሞ ለቃሚ የዘነጋት ቀይ ፍሬ እዚህም እዚያም ተንጠልጥላለች።

ወደ ቤት ገብቼ ብሩሽ ያዝኩ። ጽጌረዳውን መመለስ ተውኩ። ነጮቹ የት እንዳሉ አየሁ፣ ወደ እነሱ የሚሄድ ቅርንጫፍ ሠራሁ። አንዳንዱ ምቹ ቦታ ነው የወደቀው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጥግ ላይ ለብቻው ቀርቷል፣ ምንም ቅርንጫፍ አይደርስበትም። ልሸፍነው ብሩሽ ነከርኩና የዚያችን ቀጭን አስተማሪ ነገር አስታወስኩ። ይከተሉት ብላኛለች። ቅርንጫፉን አጎነበስኩት፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጣና በሌላ በኩል ተመልሶ ገባ። ገበያ ስትሄድ ሰው ቤት ጎራ ያለች ሴት ይመስላል። የፈሰሰው ቀይ የተቋጠረበትን ክብ ክብ አድርጌ ዘንጊ ለቃሚ የተወችው ፍሬ አደረግሁት። ጽጌረዳው የነበረበት መሃሉ ደብዝዞ ሮዝ ጉም ሆኖ ቀረ። እሱን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ተውኩት። የየቡ ጠዋት እንደዚያ ነው፤ ጉም ከቡናው መሃል ቶሎ አይወጣም።

ሰኞ ማታ አስተማሪዋ በረንዳ ላይ አየችው። ቀረብ ብላ ጎንበስ አለችበት። ከዚያ ቁጭ አለች። እንዴት እንደሆነ ነገርኳት፣ እሷ ግን አላመነችም፤ ዝናብ ሥዕል ያበላሻል እንጂ እንዲህ አጽድቶ አያነሳም አለች። ወረቀቱን በጥፍሯ ጫር አደረገችና ምን ቀቡበት የምትል ያህል አየችኝ። ስታርቹን ተናዘዝኩ። ሳቋ ጎረቤት ተሰማ። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ አልሰመጠም፤ ከስታርቹ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ስለዚህ ጠብታ ሲነካው ተነስቶ ይሄዳል፤ ነጩን ይመልሰዋል። እንዲህ አስረዳችኝ። ትምህርት ቤት ይህን ማንም አላስተማራትም ነበር። እኔ አንድ ቢራቢሮ ልጨምርበት ብሩሽ ሳነሳ ከእጄ ቀማችኝ።

«እትዬ፣ ይበቃዋል። እጅዎን ያንሱለት።»

እስከ ዛሬ ያ ቢራቢሮ ይቆጨኛል፣ ግን ልክ ነበረች።

አርብ ደረሰ። ስምንተኛ የጨረሰችው ልጅ ጽጌረዳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ንጹሕ ሥራ ነው፤ በማስመሪያ የተለካ፣ ቀይ፣ እንከን አይወጣለትም። እኔ ከጎኑ የእኔን ዘረጋሁ። ከሰኮሩ የመጣች አንዲት ጠላፊ ነበረችን፣ ዘወትር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ፤ እሷ መነጽሯን አውርዳ ተጠጋችና «ውይ፣ አበባው ሸተተኝ» አለች። ሊቀመንበሯ ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ጽጌረዳው የት አለ?»

ዝናብ መታው አልኳት።

«እኔ ያልኩሽ ምን ነበር? በገዛ እጅሽ። ይህንን የሠራው የተማረ እጅ ነው።»

አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። አስተማሪዋ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት፣ ምስክር የለኝም፤ የእህቴ እልልታም ከየቡ እዚህ አይሰማም። ሥራ ቤቱ ሁሉ ቆሞ እኔን ያያል። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ባዶውን ነው። ወረቀት ስጡኝና እዚሁ ልሥራው አልኩ።

ወረቀት ደግሞ የለም። ያኔ ስምንተኛ የጨረሰችው ልጅ ደብተሯ መሃል ያኖረችውን ትርፍ ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ። ባትሰጠኝ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ይህንን ውለታ እስካሁን እቆጥርላታለሁ።

ወደ ካውያዬ ጥግ ሄድኩ። ያ ጥግ የእኔ አገር ነው። ስታርቹ በድስት አለ፣ በጨርቅ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ ካውያው ግሏል፣ አደረቅሁት። ከዘንቢሌ ሳጥኑን አውጥቼ አረንጓዴውን አወፍሬ ሁለት ሁለት ቅጠል ዘረጋሁ፤ የማውቀውን ቅጠል፣ ሳልሰጋ። መሃል ላይ ቀይ ለቀቅሁና በውሃ አባረርኩት፣ እሱም ሄደ። ጠላፊዎቹ መርፌያቸውን የልብሳቸው አንገት ላይ ሰክተው ከበቡኝ። ቀለሙ ደረቅ ሊል ሲል ከልብስ መተኮሻዬ ሳህን አምስት ጣቴን ነከርኩ፣ ወረቀቱ ላይም ረጨት አደረግሁ። ስንት ሺህ ትራስ ላይ የረጨሁት ርጭት ነው። ደገምኩ።

ትንሽ ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ከጠብታው ሥር ቀለሙ ዳር ዳር ማለት ጀመረ። ውሃውን በጨርቅ ጫፍ መጠጥ አድርጌ አነሳሁት። አንዱ ነጭ ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የሰኮሩዋ ሴትዮ «ያ ደራራ!» ብላ በእጇ አፏን ያዘች። ቅርንጫፉን ወደ ወደቁበት ነዳሁት። በዚህኛው ሁለቱ ነጮች ታች ጥግ ላይ ናቸው የወደቁት፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ በፍሬ እንደ ከበደው ወደ መሬት ጎነበሰ። እዚያ ላይ እጄን አነሳሁ። ቢራቢሮ አላሰብኩም።

ሊቀመንበሯ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ቆየች።

«ይሄኛው ያኛውን አይመስልም» አለች።

«ቡናው ባምናው አንጓ ላይ አያብብም» አልኳት።

በየቡ፣ በሸቤ፣ በየጫካው ቡና መሃል ያደጉ ሴቶች ናቸው የከበቡን። አንዳቸውም ማስረጃ አልጠየቁም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሯ ነጩን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷንም አየችው። ምን ቀለም ነው አለችኝ። ወረቀቱ ነው አልኳት። ለበዓሉ ቀይ ያስፈልጋልኮ አለች ደግሞ፣ ድምፅዋ ግን ላልቶ ነበር። ለቃሚ የዘነጋችውን ቀይ ፍሬ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቆጠረችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አቦ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ከዚያ ወደ ንድፍ ጠረጴዛው ሄደች። ያንን በካርቦን የተገለበጠ፣ ጥቅል ጎመን የሆነ፣ ዳሩ ያለቀ ጽጌረዳ ከሚስማሩ ላይ አወረደችና አመጣችልኝ።

«ይሄን ለካውያሽ ማራገቢያ አድርጊው» አለችኝ። «ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ሳቢው፣ ለዓይንሽ።»

እልልታው ያኔ ነው የመጣው። የየቡውን ለእኔ አልቆጠርኩትም ነበር፤ ይኸኛው ግን የእኔ ነው።

አልጋ ልብሱን የጠለፍነው ከደንብ ልብስ በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ነው። በነጭ አቡጀዲ ላይ ቀይ ስንጠልፍ የኖርን ሰዎች በአረንጓዴ ላይ ነጭ ስንሰፋ ዓይናችን መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። እያንዳንዷ ሴት በፊቷ ባለው ቦታ ላይ ነጭ ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ በጣቷ ትረጫለች፣ ጠብታው ባረፈበት ትጠልፋለች፤ እኔ ቅርንጫፉን እየነደፍኩ አበባዎቹን አገናኛለሁ። ስምንተኛ የጨረሰችው ልጅ ልኩንና ማዕዘኑን ያዘችልኝ፤ ያለ እሷ ጨርቁ ጠማማ ይሆን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት እህቴ ከየቡ መጣች፤ ያበበ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ። ሽታው ከእሷ ቀድሞ በሩን ገባ። ቅርንጫፉን ጥልፉ ላይ አጋደመችውና ሁለቱን ስታስተያይ ቆየች።

«ቡናዬ ገና አሁን ነው የደረሰብሽ» አለችኝ።

በማርች ስምንት ያንን ጨርቅ በሁለት እንጨት ዘርግተን ከቀበሌያችን ተነስተን በሂርማታ ገበያ በኩል ወጣን። ከፊት ባንዲራ፣ ከኋላ እኛ። ሰው ከየሱቁ እየወጣ «ደራራ ቡና! ደራራ ቡና!» ይላል፣ ልጆች ይከተሉናል። ሜዳው ላይ ከአውራጃው የመጡ አንድ ጓድ ጨርቁን ዞር ብለው አዩትና ይህችን ነዳፊ የት አስተማራችኋት ብለው ሊቀመንበሯን ጠየቋት። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ ምን ትላቸው ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ካውያ ላይ፣ ጓድ» አለቻቸው፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ።

በዚያ ወንበር ለብዙ ዓመት ተቀመጥኩ። ካውያዬን ግን አልለቀቅሁም፤ ከንድፍ ጠረጴዛው ጎን አዛወርኩትና ጎድጓዳ ሳህኑን መሃላቸው አኖርኩ። ልጃቸውን የሚድሩ ሴቶች ከሰኮሩ ሳይቀር ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ይዘረጉትና ቆመው ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ ለእኔም ያዝንቡልኝ» ይሉኛል።

እኔም ጣቴን እነክራለሁ።